ቀዝቃዛውን ውኃ የዘጋሁበት ቀን

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለታላቅ እኅቴ፤

እትዬ፣ ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል፤ ይህን ያስተማርሽኝ እጄን ይዘሽ አንቺው ነሽ። ዛሬ ግን ሰላምታውን ወደ ኋላ አድርጌ ጥፋቴን አስቀድማለሁ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ወትሮዬ ሳንዛዛው ጥፋቱ ላይ ሳልደርስ ወረቀቱ ያልቅብኛል። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የልጄ እናት ካረፈች ብዙም ሳይቆይ ደውለሽ «ልጅቷን ላክልኝ፤ ልብስ ስፌቱን እኔ ዘንድ ትማር፣ ትምህርቷንም ትቀጥል፤ እንደ ወለድኳት አድርጌ እይዛታለሁ» ብለሽኝ ነበር። እኔም በሳምንቱ መልሼ ደውዬ «ጠየቅኳት፤ አባቴን ትቼ የትም አልሄድም አለች» አልኩሽ። እትዬ፣ አልጠየቅኳትም። አንድም ቀን አንስቼባት አላውቅም። አንቺም «ልጅ ማለት እንዲህ ነው፤ በልጅህ ተባረክ» ስትዪኝ አሜን ብዬ ተቀበልኩ። የሰረቅሁት ምርቃት ነው።

አሁን እንግዲህ ደብዳቤውን ቀደሽ ካልጣልሽው፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ዛሬም «ወይኔ እመቤቴ» እያልሽ መሐል ላይ ትቆሚያለሽ? ዓይንሽስ ክር በመርፌ ማሾለክ አልተሳነውም? የባለቤትሽ የጋሼ ሳል ለቀቃቸው? አማትሽ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ከናፍቆትሽና ከዚህ ከምጽፍልሽ ግራ መጋባት በቀር ጤነኛ ነኝ። ጥርሴም በአንድ በኩል ያኝካል፤ ለእኔ ዕድሜ በቂ ነው።

ዛሬ ምን ነካህ ትዪኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ኅሊናዬ ብቻውን ቢሆን ገና ብዙ በተኛ ነበር። የቀሰቀሰው ሞተሩ ነው። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩሽ ስለማይገባሽ ታገሺኝ፤ ለራሴም ከሥሩ ጀምሬ ብዙ ጊዜ ብነግረው በደንብ አልገባኝም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ ውስጡን ግን አስረድቼሽ አላውቅም። በእንጨት መሰንጠቂያው ግቢ ከጀርባ በኩል ያለውን ሞተር የምይዘው እኔ ነኝ። እሳት አንዳጁ ጓደኛዬ ቁርጥራጭ እንጨትና ሰጋቱራ እየማገደ ቦይለር የምንለውን የውኃ ማፍያ ያፈላል። ጭስ ሲጠጣ ስለሚውል ጢሶ ነው የምንለው፤ እናቱ ያወጡለትን ስም እሱም የረሳው ይመስለኛል። እንፋሎቱ በቧንቧ መጥቶ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ትልቁን ጎማ ያዞራል፣ ከጎማው የተዘረጋው ቺንጋ የምንለው ቀበቶ ደግሞ መጋዙን ያዞራል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ማቀዝቀዣ ወደምንለው የብረት ጋን ይገባል። በጋኑ ውስጥ ባሉ ቧንቧዎች ከኩሬው የሚሳብ ቀዝቃዛ ውኃ ያልፋል። እንፋሎቱ በርዶ ውኃ ይሆንና ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ያበረደው የኩሬ ውኃ ግን ሙቀቱን ተሸክሞ በቦይ ይወጣና ተመልሶ ኩሬው ውስጥ ይፈስሳል።

ያ ቦይ ለዓመታት ሆዴን ሲበላው ኖሯል። የሠራተኞቹ ሚስቶች ልብስ ያጥቡበታል፣ የግቢው ውሻ ጠርዙ ላይ ሆዱን አስጥቶ ይተኛል። እጄን ስነክርበት ለብ ያለ ነው። ይህ እኮ ጢሶ ላቡን አንጠፍጥፎ ያነደደው እንጨት ነው እላለሁ፤ እዚያ ድረስ ለፍተን ያሞቅነው ለእንቁራሪት ነው ወይ እላለሁ። ቆጣቢነቴን ታውቂዋለሽ። ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ «አንተ ሰው እኮ የምታወጣው ትንፋሽም ተመልሶ ቢገባልህ ደስታህ ነበር» ትለኝ ነበር። እሷ ከሄደች ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። ከቤት ነገር ሲወጣ አልወድም፤ በር ሲከፈት አልወድም።

ዘንድሮ ዝናቡ ረዝሞ እንጨቱ ሁሉ ረጠበ። እርጥብ እንጨት ደግሞ ግማሽ ጉልበቱን ራሱን ሲያደርቅ ይጨርሳል። የመሰንጠቂያው ባለቤት መጥቶ «ወይ እንጨት ቆጥቡ፣ ወይ ይህን አሮጌ ሞተር ለብረት ሸጬ መብራት አስገባለሁ፤ ያን ጊዜ ለመብራቱ አንዳጅም ሞተረኛም አያስፈልገውም» አለን። ጢሶ «መብራት ሲጠፋ እኛን እፍ በሉበት ሊለን ነው» ብሎ ቀለደ እንጂ እሱም ከፍቶት ነበር።

አንድ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ስመለስ ሐሳብ መጣልኝ። ከፈጣሪ የመጣ መሰለኝ፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት መቼም በእሱ ነው የምናሳብበው። ስንት ደክመን ያሞቅነውን እንፋሎት ለምን መልሰን እናበርደዋለን? የቀዝቃዛውን ውኃ ቫልቭ ብዘጋው ሙቀቱ የት ይሄዳል? የትም አይሄድም። እዚያው ይቀመጣል፤ ለሚቀጥለው እሳት ትንሽ እንጨት ይበቃል። አየሽ፣ ሲያስቡት እንከን የለውም። ዛሬም ሳስበው እንከኑን ለማየት ዓይኔን ማጥበብ ይኖርብኛል።

ቫልቩን እስከ ግማሹ ዘጋሁት። ጢሶ አካፋውን ተደግፎ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ትነካካለህ?» አለኝ። ቁጠባ ነው አልኩት። «ቁጠባህን ጓዳህ አድርገው፤ ይቺ ቫልቭ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ክፍት ናት» አለኝ። ሞተሩ ትንሽ ከበድ አለው እንጂ መዞሩን አልተወም። ይሄኔ ልቤ አበጠ፤ ጨርሼ ዘጋሁት።

መጀመሪያ የተለወጠው ትንፋሹ ነው። ዳገት እንደያዘ ሽማግሌ ቁና ቁና ይተነፍስ ጀመር። ጋኑ ጋለ፣ የአደጋ መተንፈሻው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ለቀቀ። ትልቁ ጎማ እየዘገመ፣ እየዘገመ ሄዶ ቆመ። በዚያው ሰዓት ከመጋዙ ሥር ሁለት ሰው የማያቅፈው ግንድ ነበር፤ ጥርሱ ግማሽ መንገድ ገብቶ ተቀረቀረ። ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ። ሮጬ የቦይለሩን መለኪያ ሳይ፣ እትዬ፣ መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም! እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ እንፋሎቱ ሙሉ ነው። ከፒስተኑ ፊት ሙቀት፣ ከፒስተኑ ኋላ ሙቀት። ይህን ያህል ሙቀት በአንድ ቤት አይቼ አላውቅም፤ የሚንቀሳቀስ ግን ምንም የለም። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የማየው ይህንን ነው።

ባለቤቱ መጥቶ ምን ሆነ ሲል ቀዝቃዛውን ውኃ ዘግቼው ነው አልኩት። ለምን ሲለኝ ሙቀት እንዳይባክን አልኩት። እንደ እብድ አይቶኝ፣ ቀጥሎ እንደ ልጅ አይቶኝ፣ ስድቡን ውጦ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ሞተሩን የሚመረምር ባለሙያ አስመጣ። ወፍራም መነጽር ስለሚያደርግ ጢሶ ወዲያው መነጽሬ አለው፤ ስሙን ሳንጠይቀው ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም። እጄን ጨብጦ «ይህን ያደረግህ አንተ ነህ? ብዙ ሰው ያስበዋል፤ ቫልቩን የሚዘጋው ግን ጥቂት ነው» አለኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ አልለየሁም።

ሙቀቱ እያለ ለምን ቆመ ብዬ ጠየቅሁት። «ሞተሩን የሚያዞረው ሙቀት መኖሩ ብቻ አይደለም፤ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው መሄዱ ነው። አንተ መድረሻውን ዘጋህበት» አለኝ። ቀጥሎም፣ እኩል የጋሉ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ብታስቀምጥ የፈለገውን ያህል ቢግሉ ቅንጣት ሥራ አታገኝባቸውም አለ። ታዲያ በቦዩ የሚሄደው ሙቀት ይጠፋል ወይ አልኩት። «አይጠፋም፤ ሙቀት የትም አይጠፋም» አለ። ካልጠፋ ይመለስ አልኩት። «አይመለስም» አለኝ። እኔም ተናድጄ «የማይጠፋ ግን የማይመለስ ነገር ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ስለው ጢሶ ከቦይለሩ በኩል «ለጎረቤቴ ያዋስኩት መሰላል ነዋ! በየቀኑ አየዋለሁ፣ ቤቴ ግን ተመልሶ አያውቅም» ብሎ ጮኸ። መነጽሬ እስኪያለቅስ ሳቀ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «እኔ ትምህርት ቤት እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ የለም» አለ።

ለነገሩ ስምም አላቸው፤ ኢንትሮፒ ይሉታል። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው በሄደ ቁጥር ይበተናል፤ የተበተነው ደግሞ በራሱ አይሰበሰብም፤ የዚህ የመበተኑ ልክ ነው ኢንትሮፒ፤ በጠቅላላው ሲታይ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም አለኝ። ያልገባኝን ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ስሰማ አይቶ ከመሬት አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ዘገነ። «ይህ ከግንዱ ነው የወጣው። ሁሉንም ጠርገህ ከጣውላው ጋር ብትመዝነው ከግንዱ አንድም የጎደለ የለም። በል ግንድ አድርገው» ብሎ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። ይዤው ቆምኩ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ጎበዝ ሰው ምንም የማያባክን ሞተር ሊሠራ አይችልም ወይ ብለው «መልአክ ቢሠራውም ከሞቀው ተቀብሎ ለቀዝቃዛው ጥቂት ሳይሰጥ አይዞርም» አለኝ። መልአክን ምን አገባው? እትዬ፣ እኔ ፈጣሪ ምንም ነገር በከንቱ አይፈስበትም ብዬ ነው ያረጀሁት። ፍርፋሪውን የሚያስለቅም አምላክ፣ ካላፈሰሳችሁ አትንቀሳቀሱም የሚል ሕግ እንዴት ይሠራል? በጸሎቴ ጠየቅሁት። ዝም አለኝ። ዝምታውን እንኳ ለምጄዋለሁ፤ ባለቤቴ ታማ በተኛች ጊዜም ብዙ ነገር ጠይቄው ነበር።

መነጽሬ ከመሄዱ በፊት የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ የቦዩን ሙቀት እንደ ምንም ብለን ገፍተን ወደ ቦይለሩ ብንመልሰውስ? «ይቻላል፤ ግን የሚገፋልህ ሌላ ሞተር ያስፈልግሃል። ለእሱ የምታነደው እንጨት ከምታተርፈው ይበልጣል» አለኝና ቦርሳውን አንሥቶ ሄደ። ቫልቩ ተከፈተ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ መጋዙን ከግንዱ ለማላቀቅ ግን ሰዎቹ በሽብልቅ ሲደክሙ ዋሉ። ባለቤቱ ለጊዜው አላባረረኝም። መብራቱን ስለ ማስገባቱ ግን ዝም ብሏል፤ የእሱንም ዝምታ ምን ብዬ እንደምተረጉመው አላውቅም።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። ልጄ ሚጣ ዘንድሮ ሃያ ሁለት ሞላት፤ እናቷ ሚጣ እንዳለቻት ቀርታለች። ግቢው ውስጥ ሰጋቱራ የሚሸጥበትን ጆንያ አፉን ትሰፋለች። ልብስ ስፌት ልታስተምሪያት የፈለግሻት ልጅ፣ እትዬ፣ የእንጨት ዱቄት በሲባጎ ትጠቅማለች። በምወጣበት በር ትወጣለች፣ በምገባበት ትገባለች። ራት ላይ «ምን አዲስ ነገር አለ?» እላታለሁ፤ «ምንም» ትለኛለች። ምን ትበል ታዲያ? ያየችውን አይቻለሁ፣ የሰማሁትን ሰምታለች። የጢሶን ቀልድ እንኳ ሁለታችንም እዚያው ቆመን ነው የሰማነው። ድሮ እናቷ ከውጭ አንድ ወሬ ይዛ ስትገባ ቤቱ በሳቅ ይናጥ ነበር። አሁን እንከባበራለን፣ እንተዛዘናለን፣ አንዳችን ሌላውን በብርድ ልብስ እንሸፍናለን። ክፍሉ ይሞቃል፤ ንፋስ አይገባበትም። መነጽሬ በሄደ ሰሞን ሳህኔ ላይ እንዳቀረቀርኩ ያ የቆመ ጎማ ድቅን አለብኝ። ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት፤ ሚጣ ውኃ ሰጠችኝና ትን አለህ እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት።

ብቻ ሰው ሞተር አይደለም። ይህንንም ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። የዚያን ሰው ንግግር የቱን ጫፍ እንደምይዝ አላውቅም። በአንድ አፉ ካልሰጠህ አትንቀሳቀስም ይላል፤ በዚያው አፉ የሰጠኸው አይመለስም ይላል። ይህ ማጽናኛ ነው ማስፈራሪያ? ልጄን ብለቃት ቤቱ ይበርዳል፤ ባልለቃት ቤቱ ቆሟል። ቀድሞ የፈራሁት ብርዱን ነበር። መቆሙንማ መቼ አየሁት? ፍቅር ነው ያልኩትን ስገልጠው ከሥሩ ፍርሃት አገኛለሁ፤ ፍርሃቱን ስገልጠው ደግሞ እንደገና ፍቅር ይመስለኛል። እንደ ሽንኩርት ሆነብኝ፤ በመላጡ ያተረፍኩት እንባ ነው።

ጥፋቴን ላርመው ስልም ያው የቦዩ ነገር ይመጣብኛል። ሚጣ ልትይዘው የነበረውን የስፌት መኪና ወንበር የጋሼ የእኅት ልጅ እንደያዘችው ነግረሽኛል፤ ጎበዝ ሆናለችም አሉ። እሷን አስነሥተሽ የእኔን አስቀምጪልኝ ብል የአንዷን ሦስት ዓመት ለመመለስ የሌላዋን ማንደዴ ነው። ስለዚህ ምንም አልለምንሽም። ለምን እንደምጽፍልሽም አጥርቼ አላውቅም። ብቻ ያ ምርቃት አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆኖብኛል።

ለጋሼ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ሳላቸውን በሙቅ ውኃና በማር ያስታግሡት፤ ያንን ሲጋራም ይተዉት፣ እንደማይተዉት ባውቅም። አማትሽን ጉልበታቸውን ስሚልኝ፤ ጆሯቸው ከከበደ ሰላምታዬን ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው። ትልቁ ልጅሽ መኪና መንዳት ጀመረ አሉ፤ ቀስ ይበል። ትንሹን ጉንጩን ሳብ አድርጊልኝ። የጋሼን የእኅት ልጅ ደግሞ በተለይ ሰላም በያት፤ ወንበሩን የያዘችው በወጉ ነው፤ በዚህ ነገር አንዳች ጥፋት የለባትም። ጢሶም «የማያውቁኝን እኅትህን ሰላም በልልኝ» ብሏል።

እትዬ፣ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ጨርሼ ላሽገው ነበር። ግን አንቺን ነግሬ እሷን ሳልነግር ሊሆን ነው? በጓሮ በር ሾልኮ ንስሐ የለም። ስለዚህ ትቼው ተነሣሁ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ሞተሩ አይሠራም። ሚጣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሸሚዜን ኮሌታ ትገለብጥ ነበር። «አክስትሽ የዛሬ ሦስት ዓመት ልብስ ስፌት ላስተምራት ብላ ጠርታሽ ነበር፤ እኔ አንቺን ሳልጠይቅ እምቢ አለች አልኳት» አልኳት። አንድ ትንፋሽ ነው የፈጀብኝ። ይህን ያህል አጭር መሆኑ ገረመኝ።

መርፌዋ ቆመ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እማዬ ከሞተች በኋላ ነው?» ብላ ነው። አዎ አልኳት። «ለዚህ ነዋ አክስቴ በደወለች ቁጥር 'አንቺ አባትሽን የማትተዪ' የምትለኝ! ግራ እየገባኝ አመሰግናለሁ እላት ነበር» አለች። እሷም ሳታውቀው የሰረቅሁትን ስትካፈል ኖራለች ማለት ነው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ ያኔ ብትጠይቀኝ እኮ ምናልባት እምቢ እል ነበር። እማዬ ገና አፈሯ ሳይደርቅ አንተን ጥዬህ የት እሄዳለሁ እል ነበር። ወይም ደግሞ እሄድ ነበር። አሁን ማን ይነግረኛል? ያኔ የነበረችው ሚጣ የለችም፤ ማንን ልጠይቅ?» አለችኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «ይቅርታህ ለጊዜው እዚያው ይቆይ፤ እጄ መርፌ ይዟል» ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሸሚዙን ወንበሩ ላይ ጥላ ወጣች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ብርድ ይመታሻል ብዬ ነጠላ ይዤ እከተላት ነበር። አልተከተልኳትም። በመስኮቱ ሳያት ከግንዶቹ ክምር ላይ ወጥታ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ። በሩን ክፍት ትታው ነበር የሄደችው፤ ንፋሱ ወረቀቶቼን ሲበትን አጎንብሼ ለቀምኩ። ከዚያ ሄጄ ከክምሩ ሥር ቆምኩ። ወደ ላይ አንጋጥጬ «ወንበሩ ተይዟል። አክስትሽም ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም። እኔም ብቻዬን እንዴት እንደምሆን አላውቅም። ቢሆንም ያልጠየቅሁሽን ልጠይቅሽ፤ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

መልሷን እዚህ አልጽፍልሽም፤ የፈለገችውን በፈለገችው ቀን በራሷ አፍ ትነግርሻለች። እኔ በእሷ ስም አንድ ጊዜ መልሼልሻለሁ፤ እሱ ይበቃል። የምጽፍልሽ የእኔን ብቻ ነው። እትዬ፣ ጠየቅኳት።

ታናሽ ወንድምሽ
ከእንጨት መሰንጠቂያው ግቢ፣ ከሞተር ቤቱ ጀርባ
እሑድ፣ የካቲት ፲፱ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ